አህያውን ፈርተው ዳውላውን ለሚደበድቡልን!

ባለፈው ሰሞን አንድ ሃያሲ ስለኔ ጻፉ። ስሜን አልጠሩም፤ እግዜር ይስጣቸው! ነገር ግን የምሠራበትን ሰፈር፣ የማደርገውን ባርኔጣ፣ የኪቦርዴን ቀለም ሳይቀር ዘርዝረው ስላሰፈሩት የቀራቸው የቀበሌ መታወቂያ ቁጥሬ ብቻ ነው። ጽሑፉ በወጣ ማግስት ዳቦ ልገዛ ብቅ ስል ባለሱቁ «አንተ ቁልፍ ነካኪ!» ብሎ ተቀበለኝ። ማታ ደግሞ ልጄ ደብተሯን እንደያዘች አጠገቤ መጥታ «አባዬ፣ እውነት ማሽኑ ነው እንዴ የሚጫወተው?» አለችኝ። ባለሱቁን ስቄ አለፍኩት። ልጄን ግን ስቄ ማለፍ አቃተኝ። እናም ይቺን ጽሑፍ ይዤ ወደ ጋዜጣው መጣሁ።

የጸሐፊውን ክስ ላላነበቡ ባጭሩ ላስታውስ። እኔና መሰሎቼ፣ ማለትም በየምሽት ክበቡና በየሰርጉ አንድ ኪቦርድና ሁለት ሞንታርቦ ይዘን ብቻችንን የምናስጨፍር «ዋን ማን ባንድ» የምንባለው ሰዎች፣ ሙዚቀኞች አይደለንም። የማሽን ሠራተኞች ነን። አንድ ቁልፍ ተጭነን ቢራችንን እንጠጣለን፣ ከበሮውንም ቤዙንም የጃፓን ዕቃ ይመታልናል። የጎጃሙም የወሎውም የጉራጌውም ዘፈን እኛ እጅ ሲገባ አንድ ዓይነት ይሆናል። ቅኝቱን ገድለነዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያንን የደጉን ዘመን ባንድ፣ ሳክሱንና ትራምፔቱን፣ ድራሙንና ቤዝ ጊታሩን ከመድረክ ያባረርነው እኛ ነን።

ጉድ እኮ ነው! አንድ ሰው በሁለት እጁ ሙሉ ኦርኬስትራ አባረረ! ጎበዝ፣ እንዲህ ያለ ጉልበት ቢኖረኝማ መጀመሪያ የማባርረው ቤት አከራዬን ነበር።

ከዚሁ ከመጨረሻው ክስ ልነሳ፤ የቆጨኝ እሱ ነውና። ለመሆኑ እነዚያን ባንዶች ማን ነበር የሚቀልባቸው? ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ሀገር ፍቅር፣ ማዘጋጃ ቤት… ሙዚቀኛው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። ሳክስ የሚነፋው ሰውዬ ወር ሲደርስ ፔሮል ላይ ይፈርማል። ቀጥሎ ደግሞ ሆቴሎቹ መጡ፤ ኢቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዳህላክ በግዮን፣ ዋልያስ በሒልተን። ያኔ አንድ ትልቅ ሆቴል ባንድ የሌለው እንደሆነ ሆቴል አይባልም ነበር።

ከዚያስ? ከዚያማ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊውም አብሮት መጣ። ጨፋሪው ወይ በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ወይ ሆቴሉ ውስጥ ተዘግቶበት ያነጋል። ባንዱም አብሮት ያነጋል። ሸክላው ቀረና ካሴት ተተካ። ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። እነሱን ብቻ መቁጠሬ በየአገሩ የቀረው ሙዚቀኛ ተቆጥሮ ስለማያልቅ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ የተበተነው ደግሞ ጠመንጃ የያዘው ብቻ አይደለም፣ ትራምፔት የያዘውም አብሮ ነው። ሠላሳ ዓመት በኖታ የተጫወተ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ መንገድ ላይ ቆመ። ጸሐፊው ይሄን ሁሉ ዘለው መጡና እኔን አገኙኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄ ነው!

አይ፣ እኔም ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም። እንዲያውም እሳቸው የማያውቁትን ልንገራቸው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአንድ ምሽት ክበብ ውስጥ ስድስት ሆነን እንሠራ ነበር። ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ሳክስ፣ ድምፃዊ፣ እኔ ደግሞ ኪቦርድ። አንድ ሌሊት ሥራ ስንጨርስ የቤቱ ባለቤት ለብቻዬ ጠሩኝና ከባንኮኒው ጀርባ አስቀመጡኝ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ነጋዴ ናቸው፣ በቃ።

«ያ ዕቃህ ከበሮም አለው ይላሉ፣ እውነት ነው?» አሉኝ።

«አለው ጋሼ» አልኩ።

«ቤዝስ?»

«እሱም አለው።»

«ዘፈንስ አንተ ራስህ ትሞክር የለም እንዴ?»

«እሞክራለሁ።»

ዝም ብለው በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «ታዲያ እነዚህ አምስቱ ምን ያደርጉልኛል?» አሉ።

እንግዲህ ያን ጊዜ የምመልሰው መልስ ነበረኝ። የድራመሩ እጅ ማሽኑ ውስጥ እንደሌለ፣ ሳክሱ የሚተነፍስ ሰው እንደሚፈልግ አውቅ ነበር። ግን የሦስት ወር የቤት ኪራይ ነበረብኝ፣ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ዝም አልኩ። በወሩ ብቻዬን መድረክ ላይ ወጣሁ። ሰውየው ለስድስታችን ይከፍሉት የነበረውን ሁሉ ሰጡኝ ብሎ የሚያስብ ካለ የአዲስ አበባን ነጋዴ አያውቅም። ትንሽ ጨመሩልኝ፤ የቀረው ኪሳቸው ገባ። ጸሐፊው በየሳምንቱ የሚቀመጡባት የሶፋ ወንበር በዚያ ገንዘብ ሳትገዛ አልቀረችም።

እና ሃያሲው ስለዚያ ባለቤት አንዲት መስመር ጻፉ? የለም! ቤቱን ሲያነሱ «ደማቅ» ነው ያሉት።

አሁን ወደ «የጃፓን ዕቃ» ልሂድ። ኪቦርዱ የባዕድ ነው ይሉናል። ልክ ነው፣ የባዕድ ነው። ሳክስፎንስ የየት አገር ነው? የቡልጋ ነው? በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ መለከትና ትራምፔት ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ የማሲንቆው ሰው ምን ብሎ ይሆን? በአስተማሪያቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ኋላም በነርሲስ ናልባንዲያን እጅ ስንት የኛ ሰው ሠልጥኖ ነው ያ ነሐስ የኛ የሆነው። ዕቃ የሚወለድበት አገር አለው፤ ዜጋ የሚሆነው ግን በሚጫወትበት ሰው እጅ ነው። አኮርዲዮኑም እንዲሁ ነው፣ ጊታሩም እንዲሁ ነው። የኛ ተራ ሲደርስ ብቻ ነው ፓስፖርት የሚጠየቀው።

ደግሞስ ብቻውን የሚያስጨፍር ሰው ዛሬ የተፈጠረ አስመሰሉት እኮ! አዝማሪ ምንድን ነው? አንድ ሰው፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ጉሮሮ። ግጥሙን እሱ፣ ዜማውን እሱ፣ ምቱን በእግሩ እሱ፣ ቀልዱን እሱ፣ ሽልማቱን የሚቀበለውም እሱ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድመው ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ከኋላቸው የተሰለፈ ኦርኬስትራ አልነበረም። ካሳ ተሰማም ክራራቸውን ይዘው ብቻቸውን ሲቀመጡ «ባንዱስ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ብቻ መጫወት ነውር ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁሉ ነውረኞች ነበሩ ማለት ነው።

«እነሱ ማሽን አልነበራቸውም» ሊባል ይችላል። ደህና። የዋልያሱ ሃይሉ መርጊያስ? አሜሪካ ከቀሩት አንዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮናቸውን ይዘው፣ ከበሮውን ለማሽን ሰጥተው፣ ብቻቸውን አንድ ካሴት ሠሩ። ብቻቸውን! ከዚያ በኋላ ዋሺንግተን ታክሲ ነዱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ያ ካሴት እንደገና ሲታተም ፈረንጁ ሁሉ እጁን በአፉ ላይ ጫነ፤ ሰውየውም በስተርጅና መድረክ ለመድረክ ዓለምን መዞር ጀመሩ። ያ የማሽን ከበሮ አሁን «ጥንታዊ ውበት» ተብሎ ይደነቃል። የኔ ግን ጫጫታ ነው። ምናልባት እኔም ለዓመታት ታክሲ መንዳት ይኖርብኝ ይሆናል፤ ችግሩ መንጃ ፈቃድ የለኝም።

ራሴን ከእሳቸው ጋር እያወዳደርኩ አይደለም፤ አላበድኩም። የምለው፣ ማሽን በመኖሩ ብቻ ሙዚቃው አይሞትም፣ ማሽን ባለመኖሩ ብቻም አይኖርም ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ እጁስ ምን ይሠራል?

እስቲ እጄ የሚሠራውን ልንገራችሁ፤ ልጄም ታንብበው። ከፋብሪካ የወጣ ኪቦርድ ውስጥ ዋልስ አለ፣ ታንጎ አለ፣ ቦሳኖቫ አለ፣ ፖልካ አለ። ችክችካ የለም! ያማሃም ሮላንድም ከፍቼ አላገኘሁትም። ችክችካ ወረቀት ላይ 6/8 ነው ይባላል፤ ኪቦርዱ ውስጥም 6/8 የሚል ቁልፍ አለ። ብትጫኑት የሚወጣው ግን ፈረንጅ ከሚስቱ ጋር ተቃቅፎ የሚወዛወዝበት ቀስ ያለ ነገር ነው። እስክስታ የሚወርድ ትከሻ በዚያ ምት ቢሞክር ይቀጫል። የኛው ሦስትና ሁለቱ እየተጣሉ የሚሄዱበት፣ ትንሽ የሚያነክስ ምት ነው። ያቺ ማነከሷ ናት ትከሻን የምታነሣው።

እሷን ከየት አመጣኋት? ይሄን ኋላ እመለስበታለሁ፤ ዋናው የሆድ ነገሬ እሱ ነው።

ምቱ ተገኘ እንበል። ማሽን አይደክምም፣ አይሰክርም፣ አይቸኩልም። ጨፋሪ ግን ይደክማል፣ ይሰክራል፣ ይቸኩላል። ድራመር ቢሆን እስክስታው ሲግል ሳያውቀው ይፈጥናል፣ ጨፋሪውም ሳያውቀው ይከተለዋል። እኔ ያንን በጣቴ ነው የማደርገው። 124 ላይ እጀምራለሁ፤ ዓይኔ ኪቦርዱ ላይ አይደለም፣ ወለሉ ላይ ነው። የሴቶቹን ጫማ አያለሁ። ጫማ ማውለቅ ሲጀምሩ ሁለት ቁጥር እጨምራለሁ። የሙሽራው አባት ጃኖውን አስተካክሎ ሲነሣ ደግሞ መልሼ እቀንሳለሁ፣ ምክንያቱም የሰውየው ጉልበት እንደ ልጆቹ አይደለም፣ በሰው ፊትም መዋረድ የለበትም። ይሄን ማንም አያየውም። የሚታየው ስሳሳት ብቻ ነው።

በአንድ ሰርግ ደግሞ የሙሽራው ወገን ጎንደሬ፣ የሙሽሪት ወገን ጉራጌ፣ ሚዜው ትግሬ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞች ኦሮሞና ወላይታ ናቸው። ሁሉም የየራሱን ይጠብቃል። የጉራጊኛው እግር እሳት ነው፣ የትግርኛው ጓይላ ክብ ሠርቶ በእርጋታ የሚዞር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስሸጋገር መሐል ላይ ያለችው አሥር ሴኮንድ ናት የኔ ፈተና። ዘንድሮ ደግሞ ነገሩ ከሙዚቃም አልፏል። «የኛን ሁለት ብቻ፣ የነሱን አራት ለምን?» ብሎ እጁን እያወዛወዘ የሚመጣ አይጠፋም። እዚህ አገር ላይ ፖለቲከኞቹ ቁጭ ብለው ያልተስማሙበትን እኔ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ኪቦርድ፣ ሰካራም መሐል ቆሜ ማስማማት አለብኝ! እስካሁን ማይክሮፎን የተሰበረብኝ አንዴ ብቻ ነው። ከመንግሥታችን ሪከርድ የኔው ይሻላል።

አሁን ጸሐፊው ልክ ያሉበትን ልንገራቸው፤ ሁሉንም መካድ የባለሥልጣን ልማድ ነው።

«ቅኝቱን ገድለውታል» ያሉት በከፊል እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን አላወቁትም። ኪቦርዱ ላይ በግራ እጅ አንድ ቁልፍ ሲነካ ማሽኑ ከራሱ አውጥቶ ኮርድ የሚሞላበት ዘዴ አለ። ዶን ብነካ ሚንና ሶልን ጨምሮ ይሰጠኛል። ሜጀሩ ትዝታ ላይ ችግር የለም፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ ሁለቱም ቤተኞች ናቸው። አንቺሆዬ ላይ ግን ከዶ ብንነሣ ሚም የለ፣ ሶልም የለ! አምባሰልም ውስጥ ሚ የለችም። እንግዲህ ቀኝ እጄ አንቺሆዬን ሲያዜም ግራ እጄ ሁለት ያልተጠሩ እንግዶች ጎትቶ ያስገባል ማለት ነው። ሰው የኮመጠጠው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ብቻ «ምነው ዛሬ አልጣመኝም» ብሎ ይቀመጣል። ስንት ዓመት እንዲህ እንደተጫወትኩ ብነግራችሁ አፍራለሁ። ያረመኝ ሃያሲ አይደለም። አንድ ክራር መቺ ሰርግ ላይ አጠገቤ ቆሞ «ወንድሜ፣ ግራ እጅህን ቁረጠው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺሆዬና አምባሰል ሲመጣ ያንን ዘዴ አጥፍቼ ቤዙን በራሴ ግራ እጅ ነጠላ ነጠላውን እመታለሁ። ይሄንን የማያደርጉ ባልደረቦች አሉ። እነሱን ይተቿቸው፣ እኔም አብሬ እፈርማለሁ። ግን እባካችሁ ስትተቹ ይቺ ናት ጥፋቷ ብላችሁ ጣታችሁን ቁስሉ ላይ አድርጉ፤ «ነፍስ የለውም» ማለት እኮ ለማንም አይረዳም።

«ማሽኑ ነው የሚጫወተው» ለሚለው ደግሞ አንድ ሌሊት ላውራ። የመልስ ፕሮግራም ነበር፤ ድንኳን ውስጥ ነን፣ ጭፈራው ግሏል፣ አቧራው ጨሷል። ድንገት መብራት ድርግም አለ። ኪቦርዱ ሞተ፣ ሞንታርቦው ሞተ። ጄኔሬተር የለም። ጸሐፊው እዚያ ቢኖሩ «ይኸው! አላልኳችሁም?» ይሉ ነበር። እኔ ሁልጊዜ ከኪቦርዱ ሥር አንዲት ከበሮ አስቀምጣለሁ፣ የእናቴ ናት። በጨለማው ውስጥ አንገቴ ላይ አጠለቅኳት፤ ምቱን ከቆመበት ያዝኩት። ሴቶቹ በጭብጨባ ተቀበሉኝ፣ አንዲት እናት ማውረድ ጀመሩ፣ ሌላው ተቀበለ። ሻማ እስኪመጣ ማንም አልተቀመጠም። መብራቱ ሲመለስ «ኧረ ተወው፣ አትክፈተው!» ያሉ ነበሩ። አልከፈትኩትም። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት በከበሮ ጨፈርን፤ መዳፌ ለሦስት ቀን አብጦ ቆየ።

ያንን ከበሮ መምታት፣ ያቺን ቅድም ያልኳችሁን የችክችካ ማነከስም፣ ያስተማሩኝ አንድ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን ቤተሰባቸው ሳይፈቅድ አልጽፍም። የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ድራመር ነበሩ። ከ1983 በኋላ ሥራ ሳይኖራቸው ቆይተው በመጨረሻ የመጋዘን ዘበኛ ሆኑ። ብቻዬን መሥራት በጀመርኩ ሰሞን ምቱ አልሆንልህ ሲለኝ ኪቦርዱን በታክሲ ጭኜ የሚጠብቁበት መጋዘን ድረስ ሄድኩ። ቁልፎቹ ላይ የከበሮ ድምፅ አለ፤ አንዱ ቁልፍ ባሱ፣ አንዱ ስኔሩ፣ አንዱ ሲምባሉ። ጋሼ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀመጡና በሁለት ጣታቸው መምታት ጀመሩ። እኔ ቀዳሁት። የወሎውን፣ የጎጃሙን፣ ጉራጊኛውን… ሌሊቱን ሙሉ ቀዳን። ሲነጋ በፍሎፒ ዲስክ አድርጌ ይዤው ሄድኩ። የከፈልኳቸው? አንድ ኪሎ ሥጋና ሁለት ቢራ። እሳቸውም ተደስተው ተቀበሉኝ።

እንግዲህ ሃያሲው «ነፍስ የሌለው የጃፓን ምት» ያሉት የጋሼ ጣቶች ናቸው። ኪቦርድ ሦስት ጊዜ ቀይሬአለሁ፤ በየጊዜው ያንን ምት እንደ ታቦት ይዤው ነው የተሻገርኩት። ጋሼ ካረፉ ዓመታት አለፉ፤ እኔ ዘንድ ግን በየቅዳሜው ይመታሉ።

ቆም ብዬ ሳስበው ታዲያ የሚያመኝ ይሄው ነው። ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ የሚከሱኝ በዚህ ነበር። ከዚያ ሌሊት በኋላ ለጋሼ ማንም ሥራ ብሎ አልደወለላቸውም። ማን ይደውላል? እጃቸው እኔ ሳጥን ውስጥ አለ። አንድ ሰርግ እንኳ ከበሮ አስይዤ አብሬአቸው አልሄድኩም። ሁልጊዜ «የሚቀጥለው ሥራ ላይ» እላለሁ፤ የሚቀጥለው ሥራ ላይ ደግሞ ሰጪው ዋጋ ይሰብራል።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቅ። ለቀጥታ ሙዚቃ እንዲህ የሚቆረቆሩ ከሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በግሬደር ሲታረስ የት ነበሩ? የአዝማሪ ቤቶቹ አብረው ሲሄዱ፣ ፈንድቃ ከኖረበት ግቢ ሲነሣ አንዲት አንቀጽ ጽፈዋል? እኔ ፈልጌ አጣሁ። ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ክበቡም ሰርጉም ሲዘጋ እኔ ሞንታርቦዬን ሸጬ ነው የከረምኩት፤ ያኔም «ሙዚቀኛው ምን በላ?» ያለ የለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር ለገበያ ከተለቀቀ በኋላማ አዲስ ኪቦርድ ዋጋ ጠይቄ ሻጩን «ለመኪናው አይደለም የጠየቅኩህ» ብየዋለሁ። መንግሥትን መተቸት እዳ አለው። ባለሆቴሉን መተቸት የምሽት ግብዣ ያስቀራል። ባርኔጣ ያደረገ ኪቦርድ መቺ ግን ምን ያመጣል? የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ደግሞ አይዟቸው፣ የኔም ወራት እየቀረበ ነው። አሁን ባለሆቴሎቹ ዲጄ እያመጡ ነው፤ አንድ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ ልጅ፣ ከኔ በግማሽ ዋጋ። ልጁን አልጠላውም፣ እሱም ኪራይ አለበት። ያኔ ጸሐፊው «ያ ደጉ የኪቦርድ ዘመን» ብለው ይጽፉልኝ ይሆናል።

እስከዚያው ግን እየሞከርኩ ነው። ጽሑፋቸው ካናደደኝ በኋላ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ትንሽም ቀስቅሶኛል። የጋሼ ወንድ ልጅ ከበሮ ይመታል፤ እንዳባቱ ባይሆንም ያቺ ማነከስ አለችው። ባለፈው ማክሰኞ ለሚመጣው ጥር ቀጠሮ የያዙልኝ ሰርገኞች ጋ ደወልኩ። «ድራመር ይዤ ልምጣ፣ ትንሽ ጨምሩልኝ፣ ጭፈራው ሌላ ይሆናል» አልኳቸው። ስልኩን የያዙት የሙሽራው አጎት ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ሳቁ።

«ድራመር ደግሞ ምን ያደርግልናል ወንድሜ?» አሉኝ። «ከበሮው ማሽኑ ውስጥ አለ አይደል እንዴ?»

በዚህ ሳምንት መልሼ እደውላለሁ ብያቸዋለሁ። ሃያሲው ጥሩ መልስ ካላቸው በዚሁ ጋዜጣ ይላኩልኝ።